ፑላስኪና የሰፈራችን ቪዲዮ

ዲሲ ታክሲ የነዳችሁ ሁሉ ፑላስኪን ታውቁታላችሁ። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ እንጂ ቦታው አይጠፋችሁም። ፔንሲልቬንያ አቬኑ ላይ፣ በ13ኛውና በ14ኛው ስትሪት መካከል፣ ከጄ ደብልዩ ማሪዮት ሆቴል ፊት ለፊት ያለው ሰፊ የድንጋይ ሜዳ ነው። ካርታው ፍሪደም ፕላዛ ይለዋል። አባቴ ሆቴሉ በር ላይ ተሰልፎ ለዓመታት ተሳፋሪ ጠብቋል። እኔ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ስኬትቦርድ ስነዳ አድጌያለሁ። ለረጅም ጊዜ አልተያየንም። ወይም እሱ አይቶኝ ዝም ብሎኛል።

ስኬተሮች ፑላስኪ የምንለው በምሥራቅ በኩል ፈረስ ላይ በተቀመጠው ሐውልት ምክንያት ነው። ካዚሚር ፑላስኪ ለአሜሪካ ነፃነት ሲዋጋ በ1779 የሞተ ፖላንዳዊ ጄኔራል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።) ሜዳውን የነደፈው ሮበርት ቬንቱሪ የሚባል አርክቴክት ነው፤ በ1980 ተጠናቀቀ። ወለሉ ላይ የድሮው የዋሽንግተን ፕላን በድንጋይ ተነጥፏል። አንድ ልጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲነዳ መንገዶቹን ሁሉ እየረገጠ ነው የሚያልፈው። ፍሪደም ፕላዛ የተባለው በ1988 ሲሆን፣ ለማርቲን ሉተር ኪንግ ክብር ነው። ኪንግ «ሕልም አለኝ» የሚለውን ንግግሩን ሲያዘጋጅ የነበረው እዚያው አጠገብ ባለው ዊላርድ ሆቴል ነበር። መሬቱ ውስጥ የእሱ መጽሐፍ ቅዱስና ካባ ያለበት ሳጥን ተቀብሯል፤ የሚከፈተው በ2088 ነው። ቦታው በብሔራዊ የፓርኮች አገልግሎት ሥር ስለሆነ ቦርድ መንዳት ክልክል ነው። ክልከላው ግን ማንንም አስቀርቶ አያውቅም።

እኔ ሽሮ ሜዳ ነው የተወለድኩት። የሽሮ ሜዳን ልጅ ቁልቁለት የሚያስተምረው የለም። ጋራዥ ሄደን ያረጀ ኩሽኔታ እንለምናለን፤ እንጨት ላይ መትተን ጋሪ እንሠራለን፤ ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል እንለቀዋለን። ድምፁ ሰፈሩን ያናውጣል። ፍሬኑ የጫማችን ሶል ነው። በ11 ዓመቴ ቨርጂኒያ መጣን፤ አሌክሳንድሪያ፣ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉት ፎቅ አፓርትመንቶች ገባን። እዚያ የመኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ሳልቫዶራዊ ልጅ ቦርዱን ገልብጦ ጎማ ሲፈታ አየሁት። ከጎማው ውስጥ ኩሽኔታ ወጣ። ትንሽዬ ነው፤ ውጪው 22 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 8። እንግሊዝኛ አልነበረኝም፤ ኩሽኔታ ግን አውቃለሁ። ተቀብዬ በጣቴ አሽከረከርኩት። ልጁ ሳቀ። እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ነው።

ያኔ ስኬት የምንማረው ከቪዲዮ ነበር። ፓወል ፔራልታ የሚባለው የቦርድ ኩባንያ በ1984 ልጆቹን ቀርጾ በቪኤችኤስ ካለቀቀ ወዲህ፣ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከታትለው ያወጡ ነበር። በ1993 ደግሞ በካሴት የሚወጣ የስኬት መጽሔት ተጀመረ። እኛ ጋ ሲደርስ ተባዝቶ ተባዝቶ የሰው ፊት አይለይም። ፀሐይ አለ፤ ዘንባባ አለ፤ ማለቂያ የሌለው የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ግቢ አለ። እኛ ጋ ጥር ላይ አስፋልቱ ጨው በጨው ነው። ስኬት ሌላ ቦታ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ እዚህ የምናደርገው ልምምድ ነው፤ ዋናው እዚያ ነው።

ከዚያ አንዱ ትልልቆቹ የሰፈር ልጆች የሠሩትን ካሴት ይዞ መጣ። ሽፋን የለውም፤ በማርከር የሆነ ነገር ተጽፎበታል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሙዚቃው ከድምፁ በላይ ይጮኻል። መሃል ላይ ግን አንድ ልጅ እየገፋ መጥቶ አንድ የሲሚንቶ ወንበር ላይ ዘለለና ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራይንድ አደረገው፤ የጎማዎቹን ብረት ጠርዙ ላይ እየፋቀ አለፈ። እኔ አውቶቡስ የምጠብቅበት ወንበር ነው! ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አስቀምጬበት የምቆመው። «አስቁመው፣ መልሰው» አልኩ። መለሱት። ራሱ ነው።

በማግስቱ ሄጄ ጠርዙን ዳበስኩት። ጥቁር ሰም ተቀብቷል፣ ይንሸራተታል። ስንት ቀን አጠገቡ ቆሜ ሰሙን አላየሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው ተለወጠብኝ። ባንክ ሳይ የማየው ደረጃውን ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሳይ መወጣጫውን። ለቡና የተጠራን ቤት ስንሄድ እንኳ እናቴ ደወል ስትደውል እኔ የግቢውን ጠርዝ ከፍታ እለካለሁ። በኋላ ራሴም ሰም መቀባት ጀመርኩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችው ጧፍ እያለቀ ለምን እንደሆነ ሳይገባት ብዙ ቆየች።

ስለ ስኬት ቪዲዮ የምለው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የኩባንያዎቹ ቪዲዮ ያስደንቅሃል፤ አይተህ ትተኛለህ። የሰፈርህ ልጆች የሠሩት ግን ከሶፋው ያስነሳሃል። ሰበብ የለህማ። ወንበሩ እዚያው ነው፣ ልጁም እንዳንተ በአውቶቡስ የሚሄድ ልጅ ነው።

ፑላስኪ የሄድኩትም በዚያው ካሴት ሳቢያ ነው። በአውቶቡስ እስከ ፔንታጎን፣ ከዚያ በሰማያዊው ባቡር እስከ ፌደራል ትራያንግል። ሜዳው ለስላሳ ነው፤ ጠርዞቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ትልቅ ደረጃ፣ የሚያስፈራ የደረጃ መደገፊያ ብረት የለም። ስለዚህ የዲሲ ልጅ የሚለካው በዝላይ ከፍታ አይደለም። የሚለካው በላይን ነው፤ ከቦርድ ሳይወርዱ አንዱን ትሪክ ከሌላው ማያያዝ። አንዱ ጠርዝ ላይ ይንሸራተታል፣ ይወርዳል፣ አንዴ ይገፋል፣ ሜዳው ላይ ኪክፍሊፕ ይሠራል (ዘልሎ ቦርዱን ከእግሩ ሥር ያገለባብጣል)፣ ሌላው ጠርዝ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ ያቺ አንድ ግፊት እንዴት እንደምትገፋ ራሱ ይታያል። እግሩን የሚጎትት ልጅ ትሪኩን ቢሠራም ዋጋ የለውም። እዚያ የሚቀመጡት ታላላቆች አያጨበጭቡለትም። በቃ፣ ጨካኞች ናቸው።

የቦታው ሰዎች አሉ። በ2003 በወጣትነቱ ያረፈው ፔፔ ማርቲኔዝ ስሙ ዛሬም እዚያ ይጠራል። የደቡብ ምሥራቅ ዲሲው ዳረን ሃርፐር አለ። ቦቢ ዎረስት ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ፕሮ ከሆነ በኋላ፣ የፈለገበት አገር ሄዶ መቀረጽ ሲችል፣ በ2014 አንድ ሙሉ ፓርት፣ ማለትም እሱ ብቻ የሚታይበት የቪዲዮ ክፍል፣ እዚያችው ፑላስኪ ላይ ብቻ ቀርጾ አወጣ። ያንን ሳይ የተሰማኝን ለማስረዳት ያስቸግረኛል። ሰውየው ባርሴሎና መሄድ ይችል ነበር እኮ!

እኔ ጎበዝ ስኬተር አልነበርኩም። ካሜራ የያዝኩት ለዚህ ይመስለኛል። በየሰፈሩ አንድ እንደኔ ያለ አለ፤ ሌላው ሲዘል የሚቀርጽ፣ ሌላው ሲታወቅ ስሙ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ። በአንድ ክረምት የሥራ ደመወዝ ያገለገለ ሶኒ ቪኤክስ 1000 ገዛሁ። ካሜራው የወጣው በ1995 ነው፤ እኔ ስገዛው አርጅቶ ነበር፤ ስኬተር ግን ሌላ አይፈልግም። ከላይ እጀታ ስላለው ቦርድ ላይ ሆነህ መሬት ለመሬት ይዘኸው መከተል ትችላለህ። ድምፅ አቀዳዱም ልዩ ነው። ቦርዱ ድንጋይ ሲመታ «ጧ!» የሚለውን ጥርት አድርጎ ይይዛል። ፊሽአይ የሚባለውን በጣም ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ስታስገባበት ደግሞ ልጁን ከቅርብ መከተል አለብህ። አንድ ክንድ ራቅ ካልክ ጉንዳን ያክላል፤ ከተጠጋህ ቦርዱ መስታወቱን ይመታዋል። የእኔ ሌንስ ግራ ጥጉ ላይ ጭረት አለው። ጭረቱን የሠራውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልከፈለኝም።

ካሴቱ የ60 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ለመገልበጥም ያው 60 ደቂቃ መቀመጥ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚጠቅመው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሌላው መውደቅ ነው፤ መሳደብ ነው፤ ፖሊስ መጣ ብሎ መሮጥ ነው። ሕጎችም አሉን። ያልተቀረጸ ትሪክ ወሬ ነው። አንዱ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ትሪክ ቀርጾ ካወጣ፣ አንተ እዚያው ቦታ ያንኑ ደግመህ አታወጣም፤ ሌላ ፈልግ። ሰው ሲሞክር ውሎ እየመሸ ከሆነ ደግሞ ማንም «እንሂድ» አይልም። ይሄኛውን ሕግ ሚስቴ አታውቀውም። ብታውቀውም አትቀበለውም።

ብርዱ ሲገባ የምንሸሸው የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ነው። የዲሲ ፓርኪንግ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ገንዘብ ተቀባዩ ጋሼ ናቸው፣ ማናጀሩ ጋሼ ናቸው፣ ሬዲዮው የአማርኛ ነው። አንድ ምሽት እንዲህ ካለ ቦታ ገብተን ስንቀርጽ አንድ ሰውዬ ከመስታወት ክፍላቸው «ኖ! ጎ! ፖሊስ!» እያሉ ወጡ። ልጆቹ ለመሮጥ ሲዘጋጁ እኔ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?» አልኳቸው። ቆሙ። ከእግር እስከ ራሴ ቃኙኝ። ሱሪዬ ተቀዷል፣ ክርኔ ይደማል።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «ታክሲ ነው የሚነዳው» አልኩ፣ እንደ ማስረጃ።

«ታዲያ አባትህ ሌሊት ተሌሊት የሚነዳው አንተ ይሄን እንድትጋልብ ነው? ትምህርትስ?»

«እማራለሁ ጋሼ። ኖቫ ኮሌጅ።»

ይሄ ትንሽ አበረዳቸው። ዞር ብለው ልጆቹን አዩ። ሳልቫዶራዊው ጓደኛዬ ከእኔ የሰማትን ብቸኛ አማርኛ አውጥቶ «ሰላም ነው» አላቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እዚህ ካሜራ አለ፣ አለቃዬ ያያል። ሦስት ውረዱ። እስከ አራት ሰዓት። የሚወድቅ ቢኖር እኔ አላየኋችሁም።»

ሦስት ማለት ፒ ስሪ ነው፤ ሦስተኛው ምድር ቤት። ባዶ ነው፣ ይሞቃል፣ ወለሉ መስታወት ነው። በዚያ ብርድ የቀረጽነው ግማሹ የፒ ስሪ ነው። አንዳንድ ምሽት እሳቸው ራሳቸው ሻይ ይዘው ወርደው አንዱን ግንብ ተደግፈው ያያሉ። አንዱ ልጅ ሲሞክር ሲሞክር ቆይቶ ሲሳካለት ከሁላችንም በላይ የጮኹት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ቪዲዮው ላይ አለ፤ «በለው!» ይላሉ። ሙዚቃውን ቀንሼ ነው ያስገባሁት።

ስጨርስ የምስጋናው ዝርዝር ላይ በአማርኛ ላመሰግናቸው ፈለግሁ። ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም ግን ፊደላችንን አያውቅም፤ የጻፍኩት ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ስለ ፒ ስሪ እናመሰግናለን» ብዬ ወረቀት ላይ በእጄ ጻፍኩና ወረቀቱን ቀረጽኩት። ልጆቹ ምን እንደሚል አልጠየቁኝም። ማን እንደሆነ ያውቁታል።

ምርቃቱ የሕንፃችን ፓርቲ ሩም ውስጥ ነበር፤ ዕድርም ማኅበርም ልደትም የሚደረግበት። የፈረመችልን እናቴ ናት። ሳምቡሳም ሠራች። የዲሲ፣ የአርሊንግተን፣ የሜሪላንድ ልጆች መጡ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ ቦርዳቸው ላይ ተቀመጡ። ቪዲዮ ሲመረቅ እንዲህ ነው፦ የሚያየውም የሚታየውም አንድ ሰው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ተራ ይጠብቃል። የመጨረሻው ፓርት የማን ነው የሚለው ደግሞ ለሳምንታት ያጣላል፤ መጨረሻ የሚመጣው ንጉሥ ነውና። ስሙ ሲወጣ ጩኸቱ ጣሪያ ይነካል፣ ልጁ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ይደፋል።

እናቴ ከኋላ ቆማ ታይ ነበር። የመውደቂያው ክፍል ሲመጣ ሁሉም ይስቃል፤ እሷ «ኡኡ! የዚህን ልጅ እናት አሳይታችኋታል?» አለች። ከዚያ የፑላስኪው መጣ። ዝም ብላ አየች አየችና «ቆይ፣ ይሄ አባትህ የሚሰለፍበት ሆቴል አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት። ለትሪኮቹ አንድም ቃል አልተናገረችም። ያንን ቦታ ግን ለአባቴ ስልክ ደውላ ነገረችው፣ እዚያው ቪዲዮው እየሄደ።

ዛሬ ሁሉም በስልክ ነው። ስልኩን አልሰድበውም፤ ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ነው። የማልወደው አንድ ነገሩን ነው። ልጁ ትሪኩን በሠራ በደቂቃው ይለቀዋል፣ በነጋታው ይረሳል። አንድ ዓመት ሙሉ ደብቀህ፣ አጠራቅመህ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበህ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ቦታ ደግሞ ይጠፋል። ፊላደልፊያ ያለውን ላቭ ፓርክ የዓለም ስኬተር ሁሉ ያውቀው ነበር። በ2002 ስኬተሮችን ሲያባርሩ፣ ቦታውን ያሰበው ኤድመንድ ቤከን በ92 ዓመቱ ሰው ይዞት ቦርድ ላይ ወጥቶ ተቃወመ። አልሰሙትም፤ በ2016 ፓርኩ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። አሁን ያ ሜዳ ያለው ካሴት ላይ ነው።

በ2022 አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቦርድ ይዤ ነበር። ኢትዮጵያ ስኬት የሚባሉት ልጆች ከሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ ድርጅትና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የሠሩት የሲሚንቶ ፓርክ ከ2016 ጀምሮ አለ። ሴቶቹም በ2020 ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ ብለው የራሳቸውን መሥርተዋል። የአዲስ አበባ ከፍታ እኔን አሳፈረኝ፤ ትንሽ ገፋ ገፋ አድርጌ ትንፋሽ አጠረኝና ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የፑላስኪ ቪዲዮ ላሳየው ስልኬን ሳወጣ «እሱን አይቼዋለሁ» አለኝና የራሱን አወጣ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ የተቀረጸ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ ጎማ አይሄድበትም። ስለዚህ ልጁ ቦርዱን በእጁ ይዞ ኮብልስቶኑን በሩጫ ያቋርጣል፤ አንድ ሕንፃ በር ላይ ያለች የእብነበረድ ምንጣፍ ጋ ሲደርስ ቦርዱን ጥሎ ይወጣበታል፤ ደረጃውን ዘልሎ አስፋልት ላይ ያርፋል። መሮጡም የትሪኩ አካል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትም አላየሁም፤ ሌላ ቦታ አያስፈልግማ። ዘበኛው ዱላቸውን ይዘው ከኋላው ይሮጣሉ። ከዚያ አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ «አቤት አቤት!» ስትል ይሰማል። ደጋግሜ አየሁት። ልጁ ደረጃውን አሳየኝ እኮ፣ በነጋታው ይዞኝ ሄዶ።

አሁን እኔና የድሮ ጓደኞቼ ከካሴቶቹ የቀረውንና አዲስ የቀረጽነውን አንድ ላይ እየሠራን ነው። ቪኤክሱ እያረጀ ስለሆነ ካሴት ማንበብ ሳያቆም መቸኮል አለብን። የአዲስ አበባውን ልጅ የመጨረሻ ፓርት ላድርገው ብዬ ነበር። ሳልቫዶራዊው አልተስማማም። «ይሄ የዲሲ ነው። የእሱ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ሰፈር መሆን አለበት። እዚህ ማን ያቺን ደረጃ ያውቃታል?» አለኝ። ተከራከርኩ፤ አሸነፈኝ። ትክክል ነው።

ስለዚህ የራሳቸውን እንዲሠሩ ያገለገለ ካሜራ ከነፊሽአዩ ገዛሁላቸው። ለፋሲካ የምትሄድ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴትዮ እንዲያደርሱልኝ ለመንኳቸው። ሌንሱን ከጨርቁ አውጥተው አገላብጠው አዩትና «እኔ ስልክ ነው ያልከኝ መስሎኝ! ይሄን የሚያህል ዓይን ተሸክሜ ቦሌ ስደርስ ምን ነው ልበላቸው?» አሉኝ።

«የስፖርት ዕቃ ነው ይበሉ» አልኳቸው። በሹራባቸው ጠቅልለው ከተቱት።